መቀስና የባለ ግቢው ውሾች

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መቀስ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም አለበት። ዋጋ ሊከራከር የገባ ደንበኛ ተከርክሞ ይወጣል ይሏታል። ይህን ስትሰማ አትቀየምም፤ እንዲያውም በሆዷ ደስ ይላታል። በቂም ደግሞ የሚደርስባት የለም። ሌላው ሰው የተበደለውን በሳምንቱ ሲረሳ እሷ አጣጥፋ፣ ተኩሳ ታስቀምጠዋለች፤ ቀኑ ሲደርስ አውጥታ ትለብሰዋለች።

በዓለም ላይ የምትሳሳለት አንድ ሰው ነበራት፤ ታላቅ እህቷ። እናታቸው ስትሞት መቀስ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ነበረች። ያሳደገቻት፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረቻት፣ ባል ሲመጣላት እንኳ «መጀመሪያ ይቺ ልጅ ለራሷ ትድረስ» ብላ የመለሰችው እሷ ናት። ልጅቷ ደረሰች፤ ሰውዬው ግን እስከዚያው ሌላ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ከብዶ ነበር። መቀስ ታላቋን «እትዬ» ትላታለች፤ እትዬም ጸጉሯ ሸብቶ እንኳ «የኔ ልጅ» ትላታለች።

መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያድራሉ። መቀስ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፤ እትዬ በስፌት መኪናው ትሰፋለች። እንዲህ ሲኖሩ ኖረው፣ አንድ ጠዋት እትዬ ሱሪ እየዘመዘመች ሳለ ግራ ጎኗ ከዳት። ሐኪም ቤት ከርማ ወጣች። አፏ ተመለሰ፣ እጇም ተመለሰ፤ ግራ እግሯ ግን ይጎተት ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስረክቦ ሲያበቃ መቀስን ወደ ጎን ጠራት።

«ከዚህ በኋላ ዋናው መድኃኒት መንገድ ነው» አላት። «ጠዋት ጠዋት ይራመዱ። ቤት ከተቀመጡ ይሄ እግር ይደርቃል። ከደረቀ ደግሞ እኔም አልመልሰውም።»

ሰፈሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እግሩን ለሚጎትት ሰው የሚሆን ለጥ ያለ መንገድ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ሰፈሩ «ባለ ግቢው» የሚለው ሀብታም ቤት ያለበት አስፋልት። ስፖርት የሚሠራው ሁሉ ጠዋት እዚያ ይገኛል። ጡረታ የወጣው አስተማሪ በሁለት እጁ ሁለት ድንጋይ ጨብጦ ሶምሶማ ይሮጣል፤ ሲጠይቁት «ለክንድ ጡንቻ ነው» ይላል። ሁለቱ ነርሶች ሰማዩ ጥርት ባለበት ዣንጥላ ይዘው ይራመዳሉ። የሉካንዳው ሰውዬ ቦርጩን ሊያጠፋ ከሚስቱ ጋር ይመጣና ከባለ ግቢው የብረት በር አጠገብ ሲደርሱ ሚስቱን በበሩ በኩል ያደርጋታል። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ባለ ግቢው ጎህ ሲቀድ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሦስት ውሾቹን «ይናፈሱ» ብሎ ይለቃቸዋል። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ቡራቡሬ፣ ሦስተኛዋ ጥቁር። ጥቁሯ ሳትጮህ ስለምትመጣ ከሁሉም ትከፋለች።

ሰው በተባረረ ቁጥር ባለ ግቢው በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ይጣራል፤ «አትሩጡ! አይነክሱም! ሲጫወቱ ነው!» ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች እንዲሉ፣ ውሾቹም የሕዝቡን አስፋልት ጓሯቸው አድርገውት ነበር።

እትዬ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች፣ ምርኩዟን እስከ መርሳት ደርሳ ነበር። አንድ ማለዳ ሦስቱም ውሾች አንድ ላይ መጡ። መቀስ ጮኸች፣ ድንጋይ አነሳች፣ ከእህቷ ፊት ተገተረች። ሁለቱን ስትመልስ ጥቁሯ ከኋላ ዞራ የእትዬን ቀሚስ ጫፍ ነከሰች። መሮጥ የማትችለው ሴት ልትሮጥ ሞከረች፤ ወዲያው ወደቀች። ግንባሯ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ደም በደም ሆነ።

ባለ ግቢው ከበረንዳው አልወረደም።

«ምን ያራውጣችኋል? ውሻ እኮ የሚሮጥ ሰው ካየ ሌባ ነው የሚመስለው!» አለ።

«በሽተኛ ናት!» ብላ ጮኸች መቀስ። «ጌታዬ፣ በሽተኛ ናት እኮ!»

«በሽተኛ ከሆነች አልጋዋ ላይ ትተኛ!» አለና ሻዩን ፉት አለ።

እትዬን ነርሶቹ ደግፈው አነሷት። መቀስ ግን ቆማ በረንዳውን ታይ ነበር። ያ ሁሉ ምላሷ የት እንደገባ እንጃ፤ አንድ ቃል አልወጣትም። ቃል ያልወጣው ንዴት ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው።

ለሰፈሩ ሹሞች አቤት አለች። አንደኛው «ጥርስ አርፎባታል?» ብሎ ጠየቃት። ቀሚሷን ነው አለችው። «እንግዲያ ቀሚሱን ስፊው፤ ሙያሽ አይደል?» ብሎ ሳቀባት። ባለ ግቢው ቤት ገብቶ ጠግቦ ያልወጣ ሹም እንደሌለ ያኔ ገባት።

እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደጃፉ አላለፈችም። «ዛሬ እንውጣ እትዬ» ስትላት «ነገ» ትላለች። ነገ ሲመጣ «ነገ» ትላለች። ውጭ ውሻ በጮኸ ቁጥር በእጇ ያለው መርፌ ቀጥ ይላል። መኪናውን በእግር መርገጥ ስለማትችል ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መቀምቀም ብቻ ነበር የቀራት። መቀስ ማታ ማታ እግሯን በቅባት ታሻታለች፤ ባሸችው ቁጥር እግሩ ከትናንቱ የሳሳ ይመስላታል። ያሳደገቻት እግር በእጇ ላይ እየደረቀ ነበር። ከሳሹ እሷ፣ ዳኛው እሷ፤ የቀረው ቅጣቱን መምረጥ ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የታያት መርዝ ነው። ከዚያ ተወችው። ውሻው ቢሞት ሰውዬው ሌላ ይገዛል፤ ሐዘኑን በሦስት ቀን ረስቶ ሻዩን ይጠጣል። ደግሞስ ውሻው ምን አጠፋ? ያሳደገውን መስሎ ያደገ ፍጥረት ነው። እሷ የፈለገችው ሰውዬው በገዛ በሩ፣ በገዛ ውሾቹ ተባርሮ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው እንዲሮጥ ነው። እንዲጮህና ማንም እንዳይወርድለት። ይህን ስታስብ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ወሰዳት።

ለሉካንዳው ሰውዬ ሽርጥ ልትሰፋለት፣ እሱም አጥንት ሊሰጣት ተስማሙ።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ አጥንት?» አላት።

«ለወዳጆቼ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ወዳጅ ያፈራሽው?»

«አሁን ላፈራ ነዋ!»

ውሻ በበላበት ይጮኻል። መቀስ ይህን ተረት ስትሰማ ነው ያደገችው፤ በሥራ ላይ ያዋለችው ግን ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ትወጣና መጀመሪያ ከሩቅ ትወረውርላቸዋለች፤ ከዚያ ቀረብ ብላ፤ ከዚያ ከእጇ። ቡራቡሬው ሆዳም ስለነበር ቶሎ ተሸነፈ። ቀዩ ተከተለው። ጥቁሯ ብዙ ጊዜ ፈጀች፤ ርቃ ቁጭ ብላ ታያታለች። መቀስ ይህን ወደደችላት። «አንቺስ እንደኔ ነሽ፣ በቀላል አትታረቂም» ትላታለች። በመጨረሻ ጥቁሯም መጥታ ከእጇ በላች፤ ምላሷ ሞቃትና ሻካራ ነበር። ባለ ግቢው ከበረንዳው ያያታል፤ ውሾቹን የምትፈራ አንዲት ምስኪን መንገዷን በአጥንት የምትገዛ መስሎት ይስቃል። ይሳቅ።

እትዬ ታናሿ ሳትነከስ በየቀኑ መመለሷ ገረማት።

«ውሾቹስ የኔ ልጅ?»

«እጄ ላይ ናቸው እትዬ። እንደ በግ ነው የሚያሳልፉኝ። አንቺንም አይነኩሽም፤ ብቻ አንድ ቀን ቆርጠሽ ውጪ።»

እትዬ በዚህ ጊዜ «ነገ» አላለችም።

እንዲህ እያለች ሳለ ዕድል በእግሩ መጣላት። ባለ ግቢው ጥቅል ጨርቅ ታቅፎ ከሱቋ ገባ። ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ ሙሉ ልብስ ይፈልጋል። ጨርቁ ቀጭን ቀይ መስመር የሚያልፍበት ወፍራም ቡኒ ሱፍ ነው፤ ለዓመታት ከተቆለፈበት ሣጥን የወጣ ስለሆነ ሽታው ክፍሉን ሞላው። መቀስን ትክ ብሎ አያት። አላወቃትም፤ ጠዋት ጠዋት ከሩቅ የሚስቅባት ምስኪን ፊት እንዳላት ልብ ብሎ አያውቅም። ያንን ሁሉ ያደረገባት ሰው በሱቋ መሃል ቆሞ ማን እንደሆነች አላወቀም! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለካ እንዲህ ፊት ለፊት ሲያዩት የባሰ ያማል።

«አምሮ እንዲሰፋልኝ ነው የምፈልገው» አላት። «ጨርቁ ብዙ ነው። የተረፈውን ለራስሽ አድርጊው፤ እኔ ቁራጭ አልቆጥርም።»

«ይቁሙልኝ ጌታዬ» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። የለሰለሰ ድምፅ እንዳላት እሷም አታውቅም ነበር። ተንበርክካ ወገቡን ለካች፣ ጭኑን ለካች፣ ከጉልበቱ በታች ለካች። ሜትሩ ያረፈበትን ቦታ ሁሉ ጥርስ እንደሚያርፍበት አድርጋ ታየው ነበር። «ሞላ ያለ እግር አለዎት፤ ለሱሪ ይመቻል» አለችው፤ ሰውዬውም ተደስቶ ሄደ።

እትዬ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ድምፁን አውቃው ኖሯል። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እሱ ነው አይደል? መልሺለት ጨርቁን።»

«እንዴት ተደርጎ! የሠርግ ልብሱን እኔ ነኝ የማለብሰው።»

«የኔ ልጅ፣ ምን አስበሻል?»

«ምንም። ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ አይመለስም።»

በልብስ ሰፊ ቤት ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈ የሰፊው ነው። በእነሱ ቤት ደግሞ ከዚያም የጠበቀ ሕግ አለ፤ የሚረባው ቁራጭ የእትዬ ነው። መቀስ ያደገችው በቁራጭ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ የለበሰችው ቀሚስ የአራት ሰው ሱሪ ትራፊ ነበር፤ ስፌቱ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ቡኒውን ሱፍ ስትቆርጥ ጠባብ ጠባቡን ቅዳጅ ለራሷ ጉዳይ ለየች፤ ሰፊ ሰፊውን እንደ ልማዷ፣ ሳታስብበት፣ የእትዬ ሣጥን ላይ ጣለችው።

በነጋታው አጥንቱን በቡኒ ቅዳጅ ጠቅልላ፣ በክር ጠፍራ ወሰደች። ውሾቹ ጨርቁን ቦጫጭቀው አጥንቱን አወጡ። በሚቀጥለው ቀን ክሩን አጠበቀችው። ከዚያ ቋጠሮውን ከበሩ ራቅ ካለ፣ ከበረንዳው ከማይታይ የመብራት እንጨት ላይ፣ በሰው ጭን ልክ አሰረችው። ዘለው ነክሰው፣ ጎትተው፣ ቀደው እስኪያወርዱት ትጠብቃለች፤ ጨርቁን አምጥተው እግሯ ሥር ጥለው ቁጭ ሲሉ ሌላ አጥንት ትጨምርላቸዋለች። ጥቁሯ ከሁሉም በላይ ተማረች። ሰውዬው ለልብሱ ሲመላለስ «ሥራ በዛብኝ ጌታዬ፣ ይታገሡኝ» እያለች፣ ውሾቹ በደንብ እስኪካኑ ድረስ አጓተተችበት።

ልብሱን ያስረከበችው በሠርጉ ዋዜማ ነው። እንዲያው ለነገሩ ግሩም ልብስ ነበር። ጎደሎ ሥራ ሠርታ ቂሟን ልታሳንሰው አልፈለገችም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ግን ለውሾቹ አንድም አጥንት አልሰጠችም።

በሠርጉ ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ተነሣች። እትዬ ከመጋረጃው ወዲያ ነቅታ ኖሯል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ያጣድፍሻል?»

«ስፖርት ነዋ! መጣሁ» አለችና ወጣች።

አስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀች። አስተማሪው ድንጋዮቹን ጨብጦ አለፈ፣ ነርሶቹ በዣንጥላቸው አለፉ፣ የሉካንዳው ሰውዬ ሚስቱን በበሩ በኩል አድርጎ መጣ። የብረት በሩ ተከፈተ፤ ውሾቹ ወጡ። ከኋላቸው ባለ ግቢው ከነሙሉ ልብሱ፣ ከነከረባቱ ደጅ ወደቆመው መኪናው ሊሄድ ብቅ አለ። ውሾቹ ጅራታቸውን እየቆሉ ወደ ጌታቸው ዞሩ። ቀዩ አሸተተው። ቡራቡሬው አሸተተው። ጥቁሯ ግን ማሽተትም አላስፈለጋት፤ ዘላ ጭኑ ላይ ተሰቀለች።

መጀመሪያ «ተይ! ተይ እንጂ!» አለ። ቀጥሎ ቡራቡሬው ሌላውን እግር ያዘ። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ሮጠ። ያ በበረንዳው ላይ ተዘፍዝፎ ሻይ የሚጠጣ ሰውዬ በገዛ በሩ ላይ ሮጠ! መኪናውን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ በመጨረሻ የሞተሩ ክዳን ላይ ወጣ። የሱሪው አንዱ እግር ከጉልበት በታች የለም።

«ያዙልኝ! ኧረ ያዙልኝ!» ይላል።

አስተማሪው ድንጋዮቹን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እጁን አፉ ላይ እንደ ጥሩንባ አድርጎ «አትሩጥ! አይነክሱም! ሲጫወቱ ነው!» ብሎ ጮኸለት። ነርሶቹ በዣንጥላቸው ላይ ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ። የሉካንዳው ሰውዬ ቦርጩን ይዞ ሳቀ። መቀስ አልሳቀችም። እያንዳንዷን ነገር እየቀመሰች ነበር፤ እግሩን ሲሰበስብ፣ ላቡ ሲንጠባጠብ፣ ዓይኑ የሚያድነው ሰው ሲፈልግ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በሕይወቷ አልቀመሰችም። «በሽተኛ ከሆንክ አልጋህ ላይ ተኛ» ልትለው አፏን ከፈተች።

ያኔ ነው ጥቁሯ ውሻ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ መንገዱ መታጠፊያ ያየችው።

እትዬ መጥታለች። ምርኩዟን ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ ፊቷ በኩራት በርቶ፣ ብቻዋን አስፋልቱ ላይ ወጥታለች። የለበሰችው አዲስ ጉርድ ቀሚስ ነው። ታናሿ ጠዋት ጠዋት በወጣች ቁጥር እሷም ተደብቃ በእጇ ስትሰፋው ከርማለች፤ የምትወጣበትን ቀን ታናሿን ልታስደስት። ጉርዱ ቀጭን ቀይ መስመር የሚያልፍበት ቡኒ ሱፍ ነው። ስፌቱ አይታወቅም።

«እትዬ! ተመለሽ!» ብላ መቀስ ሮጠች።

እትዬ ግን እጇን አነሳችላትና ፈገግ አለች። «አልፈራም፣ የኔ ልጅ! አንቺ አይነኩሽም ብለሽኝ የለ!»

ውሾቹ ከመቀስ ቀድመው ደረሱ። መቀስ ስትደርስ እትዬ መሬት ላይ ናት። በላይዋ ተደፋች፣ ውሾቹን በእርግጫ አለች፣ በጥፊ አለች፣ በስማቸው እንዳትጠራቸው ስማቸውን አታውቅም። እሷን አልነኳትም። በጎኗ፣ በክንዷ ሥር እየገቡ ጉርዱን ይቦጭቁ ነበር፤ ጅራታቸው ይወዛወዛል። አልተቆጡም። አጥንቱን እየፈለጉ ነው።

ከመኪናው ላይ ዘሎ የወረደው ባለ ግቢው ነው። በአንድ እግር ሱሪው እየተደናቀፈ ሮጦ መጣ፤ ጥቁሯን በአንገቷ ማሰሪያ ይዞ አነሳት፣ እጁን ነከሰችው፣ አልለቀቃትም። ቀዩንና ቡራቡሬውን በስማቸው እየጮኸ አባረራቸው። ከዚያ እትዬ አጠገብ ተንበርክኮ የሠርግ ከረባቱን ከአንገቱ ፈታና እግሯን አሰረላት። ደሙ የሚወርደው ከደህናው፣ ከቀኝ እግሯ ነበር።

«ይቅርታ እናቴ» አለ። «ይቅር በይኝ። ዛሬ ምን እንደነካቸው አላውቅም።»

እግሯን ሊያስር ሲለቃት ጥቁሯ ዞራ ተመለሰች። ከእትዬ ጉርድ የቀደደችውን ቡኒ ጨርቅ ከመሬት አንስታ በአፏ ይዛለች። በሰዎቹ መሃል አልፋ መጥታ መቀስ እግር ሥር ጣለችው፤ ቁጭ ብላ፣ ጅራቷን አስፋልቱ ላይ እያወዛወዘች፣ ቀና ብላ የመቀስን እጅ ታይ ጀመረች።

ሳቁ ከቆመ ቆይቷል። አስተማሪው ውሻዋን አየ፣ መቀስን አየ። የሉካንዳው ሰውዬ መሬት መሬቱን አየ። እትዬ ጨርቁን አየችው፤ ቀጥላ የሰውዬውን ሱሪ አየች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ ከጨርቅ ለማመሳሰል ማንም ሊነግራት አይገባም።

«ውሻዋ ምንድነው ካንቺ የምትጠብቀው?» አለች እትዬ።

መቀስ ልታነሳት እጇን ዘረጋች። እትዬ የተዘረጋውን እጅ አልፋ የሰውዬውን ትከሻ ያዘች።

«ቤቴ ድረስ ደግፈኝ» አለችው።

ነርሶቹ በአንድ በኩል፣ ባለ ግቢው በሌላው በኩል ይዘዋት ቀስ እያሉ ሄዱ። መቀስ ከኋላ ከኋላ ተከተለች፤ ሦስቱ ውሾችም እሷን ተከተሏት።